የእድር ተራ የጠየቁት የወይዘሮ ዕፀገነት ተድላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዕፀገነት ተድላ ከአባታቸው ከግራዝማች ተድላ ወልደ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች አበጋዝ ግንቦት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በቦንጋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሰሜን ከመጡ ሹማምንት ወገን ሲሆኑ በአውራጃው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት አገልግለዋል። እናታቸው በከፋ፣ ደካ ተወልደው ያደጉ፣ ሲቆጡ ካፊኖኖ የሚቀናቸው ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ዕፀገነት ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው ያውቁ ነበር። ጥያቄ አብዝተው አባታቸው በአማርኛ «ይበቃል» ሲሏቸው፣ ዞር ብለው እናታቸውን በካፊኖኖ ይጠይቁ ነበር ይባላል።

አራት ዓመት ሲሆናቸው በብርቱ ትኩሳት ታመው ዳኑ፤ ግራ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሕመሙ ፖሊዮ መሆኑን የነገራቸው ሐኪም የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዘመድም ጎረቤትም ገና ከበር ሲያያቸው «አንቺ ተቀመጪ» ይላቸው ጀመር። ትምህርት ቤቱ ይርቃታል ተብሎ ቤት ስለቀሩም፣ ፊደል የለዩት አባታቸው ወደ ቤት ይዘው ከሚመጧቸው የፍርድ ቤት ወረቀቶች ነው። እኩዮቻቸው ተረት ሲሰሙ እሳቸው ስለ ድንበር ክርክርና ስለ ጠፋች ላም ያነብቡ ነበር። አንድ ቀን ለአቤቱታ ቤታቸው የመጣን ባላገር «ላሟ ተገኘች ወይ?» ብለው ጠይቀው ግራዝማችን ክፉኛ እንዳስደነገጡ፣ በሳምንቱም በቅሎ ተጭኖላቸው ትምህርት ቤት እንደገቡ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ገብረ ሥላሴ ያስታውሳሉ። የላሟን ነገር ግን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀው በዓመቱ በአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ኋላም የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሲደራጁ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውረው እስከ ጡረታቸው እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሠርተዋል። በእሳቸው እጅ ያለፈ ፋይል ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅበት አያልፍም ነበር። አንድ ኃላፊ ተሰላችተው «ወይዘሮ ዕፀገነት፣ እርስዎ የተቀጠሩት እንዲጽፉ ነው» ቢሏቸው፣ «እየጻፍኩ ነው እኮ የምጠይቅዎት» ማለታቸው በመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ሲወራ ኖሯል።

በ1974 ዓ.ም. ከጅማ ቦንጋ መስመር ሾፌር ከአቶ ውባየሁ ኃይሌ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ውባየሁ የድጋፍ ደብዳቤ ለማስጻፍ ብለው ወደ ቢሮው ሲመላለሱ ከርመው፣ ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ ሲጠየቁ መልስ አጡ። ነገሩ የገባቸው ወይዘሮ ዕፀገነትም ማሽናቸውን ከድነው አብረዋቸው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ከዚህ ጋብቻ በ1977 ዓ.ም. ልጃቸውን ዮሀናን ወለዱ። አቶ ውባየሁ በ1999 ዓ.ም. በሕመም ከዚህ ዓለም ሲለዩ ለባለቤታቸው ትተው ያለፉት ትልቁ ነገር አይሱዟቸውን ያሳድሩበት የነበረው ጋራዥ ነው። በሩ ሰፊ፣ ደፍ የሌለው፣ ወለሉም ድልድል ያለ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ከአንድ ቤት ጓሮ የሴት ዘፈን ሰሙ። ድምፁ ስላማራቸው አንኳኩተው ማን እንደምትዘፍን ጠየቁ። «ማንም የለም» ተባሉ። ዘፈኑ ግን አላቆመም። በሳምንቱ ተመልሰው ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ክራንቻቸውን ደጃፉ ላይ አጋድመው «ማንም የምትባለውን ልጅ ሳላያት አልሄድም» ብለው ቁጭ አሉ። ያን ዕለት ነው ከማርቲ ጋር የተዋወቁት። ማርቲ ያኔ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት፣ ያለ እናቷ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ ወጣት ነበረች። እናቷ ሰው ይስቅባታል ብለው ፈርተው እንጂ ጠልተዋት እንዳልነበረ ወይዘሮ ዕፀገነት ለጠየቃቸው ሁሉ አስረግጠው ይናገሩ ነበር።

በከተማው «ጋራዡ» እየተባለ የሚጠራው የጎልማሳ አካል ጉዳተኞች የጋራ መዋያ ማዕከል የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ከጡረታ በኋላ ግን በየቀኑ ሆነ። ከማንኪራ ሰም እየመጣ ጧፍ ይሠራል፣ ከቀርከሃ ወንበር ይሠራል፣ ይዘፈናል፣ ጭቅጭቅም አይጠፋም። የነጋዴ ልጅ የሆነችው መስማት የተሳናት ዙሌካ ሁሉንም የምልክት ቋንቋ አስተምራለች፤ ወይዘሮ ዕፀገነትም በእጃቸው መጠየቅ ከቻሉ ወዲህ ዙሌካ ዕረፍት አግኝታ አታውቅም። አዲስ ለመጣ ሰው የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» የሚል። ብዙዎቹ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው ስለማያውቁ መልሱን ለማግኘት ሳምንታት ይወስድባቸው ነበር። እሳቸውም ይጠብቁ ነበር፤ መጠበቅ ለማይሆንላቸው ሰው ይህ ቀላል እንዳልነበረ እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን።

በ2014 ዓ.ም. ከማዕከሉ አባላት የአንዱ፣ የዓይነ ስውሩ የአቶ ሳምሶን አባት አረፉ። አቶ ሳምሶን ከአርባኛው በኋላ ወደ ሰፈሩ እድር ሄደው በአባታቸው ቦታ በስማቸው እንዲመዘገቡ አመለከቱ። የእድሩ ሹማምንት በደግነት ተቀብለው፣ «አንተ ምንም አትቸገር፣ ክፉ ቀን ሲመጣብህ እኛው አለንልህ፣ ስትሞትም በክብር እንቀብርሃለን» ብለው ሸኟቸው። አቶ ሳምሶን ጋራዡ የደረሱት ተቆጥተው ነው። «እኔ ስሞት ምን እሆናለሁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ሌላው ሰው ሲሞት ምን ልሥራ ነው ያልኳቸው» አሉ።

ወይዘሮ ዕፀገነት ይህን ሲሰሙ ስለ ራሳቸው ማሰብ ጀመሩ። ስንት ዘመን ሙሉ ለቅሶ ደርሰዋል፤ ሁልጊዜም ወንበር ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ባይሄዱስ ምን ይሆናል? በእድሩ ደንብ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። እሳቸውም የዚያው እድር አባል ናቸውና ይህን ለማየት አንድ ቀብር ሆን ብለው ቀሩ። ማንም አልቀጣቸውም። ሌላም ጨመሩ፤ አሁንም ዝም። «ቀረሁ እኮ! አንድ ሰው እንኳ የት ነበርሽ አላለኝም» እያሉ ሲነግሩን መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ሲጨርሱ ግን እንባቸው መጣ። የሁለቱንም ሐዘንተኞች ቤት ሄደው ለምን እንደቀሩ ተናግረው ይቅርታ ጠይቀዋል። አንደኛዋ ሐዘንተኛ እስከ ዛሬ እንደተቀየሙ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ በኋላ አካል ጉዳተኛ ከእድር ሥራ ነፃ እንዲሆን ማን፣ መቼ እንደወሰነ ማጣራት ያዙ። በደንቡ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። የእድሩን የቀድሞ ዳኞች እየዞሩ ጠየቁ፤ ሁሉም «እኔ ስደርስ እንዲሁ ነበር» አሉ። ይህን የምጽፈው እኔ የወንድማቸው ልጅ ሩሀማም አንዳንዴ አብሬያቸው እዞር ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ያዘነላቸው መስሎት ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

በ2017 ዓ.ም. በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጥያቄያቸውን ለማቅረብ ተነሡ። ከኋላ «እትዬ ዕፀገነት፣ ኧረ ቁጭ ብለው ይናገሩ» ሲሏቸው፣ «ዛሬስ ቆሜ ነው» አሉ። የማዕከሉ አባላት በየስማቸው ተመዝግበው፣ ድንኳን በመትከሉም፣ ወንበር በማውጣቱም፣ ሐዘንተኛ በማስተናገዱም ተራ እንዲደርሳቸው፣ ሲቀሩም እንዲቀጡ ጠየቁ። ቅጣት የሚለምን ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ ጉባኤው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎም እውነተኛው ስጋት ወጣ። ድንኳኑ ሐዘንተኛ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ዳኛው አቶ ብስራት የሽምግልና ቃል ተናገሩ። በአንድ ለቅሶ ላይ ይሞከሩ፣ እድሩም ያንን አይቶ ይወስን ተባለ።

ችግሩ ለሙከራ የሚሆን ለቅሶ አለመገኘቱ ነበር። በሰፈሩ ሰው አረፈ፤ ቤተሰቡ በአክብሮት «በሌላ ሰው ይሞከር» አለ። ሌላም ሰው አረፈ፤ እነዚያም እንዲሁ አሉ። የራሱ እናት ለቅሶ መሞከሪያ እንዲሆን የሚፈቅድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የማዕከሉ አባላት ግን በዚህ መሐል ያረጀ ድንኳን ተውሰው በጋራዡ ግቢ መለማመዱን አላቋረጡም። አቶ ሳምሶን ገመዶቹን በእጃቸው እየዳሰሱ የላላውን ይለያሉ፤ ዙሌካ ምሰሶው መቆሙን በዓይኗ ለክታ ትከሻቸውን በመንካት ወዴት እንደሚጎትቱ ታመለክታለች። የመጀመሪያው ቀን ሸራው ሁሉንም ከነወይዘሮ ዕፀገነት ከድኗቸው፣ ከሥር የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነበር። ማርቲ የወንበር ኃላፊ ተባለች፤ ሥራዋንም እንደ ዋዛ አላየችውም።

ወይዘሮ ዕፀገነት በዚያው ዓመት ክረምት የጉበት ሕመም ጠናባቸው። ጅማ ተወስደው ሲታከሙ ቆይተው በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሞቹ ያሏቸውን ሁሉ ጠይቀው ተረድተው ስለነበር የሚደበቅ ነገር አልነበረም። አቶ ብስራት ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ «ጋሽ ብስራት፣ ለቅሶ ጠፋ ተብሎ የለም? ሙከራው በእኔ ይሁን» አሏቸው። አቶ ብስራት ደንግጠው «ኧረ ይተዉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይድናሉ» ቢሉ፣ «ከዳንኩ ሌላ እንፈልጋለን» ብለው መለሱ። ሲወጡ አቶ ብስራት በረንዳው ላይ ቆመው ፊታቸውን በመሐረባቸው ሲጠርጉ አይተናል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚቆጫቸው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ለልጃቸው ለዮሀና ነግረዋታል፤ በራሳቸው ለቅሶ የሚተከለውን ድንኳን ቆሞ አለማየታቸው።

ወይዘሮ ዕፀገነት ረቡዕ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓትም ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የአንዲት ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ገብረ ሥላሴ፣ የወንድም ልጆቻቸውና የማዕከሉ አባላት በሙሉ በሐዘን ላይ ይገኛሉ። አሁን ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚገባው፤ ከየት መጣህ፣ ምን በላህ፣ ያ ነገርህስ ከምን ደረሰ የሚል ሰው የለም። በጣም ናፍቀውናል።

ሐሙስ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ የሆነውን፣ እሳቸው ማወቅ ይፈልጉ ነበርና፣ እዚህ ላይ ጽፈነዋል። ድንኳኑን አቶ ሳምሶንና ዙሌካ ከሌሎቹ የማዕከሉ አባላት ጋር ተከሉት። አንዴ ወደ ጓሮ በኩል ዘመም ብሎ ነበር፤ ሊረዱ የተነሡ ጎረምሶችን አቶ ብስራት በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧቸው። ድንኳኑም ቀና። አግዳሚዎቹ ግን መሬት ላይ እንደተደራረቡ ነበሩ፤ ማርቲ አልመጣችም። የትኛውን ጥቁር ልብስ እንደምትለብስ መወሰን አቅቷት ኖሮ የደረሰችው ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

አቶ ብስራት መዝገባቸውን ገልጠው «ማርቲ፣ ዘግይተሻል። ተቀጥተሻል» አሏት። እናቷ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው «ኧረ ጋሽ ብስራት፣ እሷ እኮ...» ብለው ሊማጸኑ ጀመሩ። አቶ ብስራት «አባል ናት። አባል ሲዘገይ ይቀጣል» አሉ፤ ስሟንም ጻፉ። ማርቲ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ደርድራ ስትጨርስ፣ በድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ፊት ሁሉ እየቆመች «ተቀጣሁ! እድር ቀጣኝ!» አለች። ሐዘንተኛው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ጥያቄያቸውን ሰምቶ የማይሰለች አምላክ የወይዘሮ ዕፀገነትን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።