ጎል ያስቀረው እጄ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዛሬ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ከመሸንቲ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስንጫወት ቀይ ካርድ አየሁ። እኔ፣ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው።

በአንድ ጎል እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አጥቂያቸው ወደ ጎል መታች። በረኛችን ዘሐራ ወድቃ ስለነበር መስመሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሂጃቤ የተንሸራተተ መሰለኝና እጄን ወደ ራሴ አነሳሁ። ኳሷ መዳፌን መትታ ወጣች።

ዳኛው ጋሽ ሙሉ እየሮጡ መጡ።

«ጋሼ፣ ሂጃቤን ልይዝ ብዬ ነው» አልኋቸው። ድምፄ የተሰማ አይመስለኝም።

«እጅሽ ኳሷን ተከትሎ ነው የሄደ። ሆን ብለሽ ነው» አሉና ካርዱን አወጡ።

ፍጹም ቅጣት ምቱን ዘሐራ ያዘችው። ወደ ቀጣዩ ዙር አለፍን። እኔ ከሜዳ ውጭ ቆሜ ሳለቅስ ልጆቹ መጥተው ተሸከሙኝ።

«አንች ዝምተኛ፣ ለካ እንዲህ ነሽ» አለች ዘሐራ እየሳመችኝ። «ጎል እኮ ነበረ። አዳንሽን።»

ሁሉም ስሜን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ሆን ብዬ አይደለም ልላቸው አሰብሁና ተውሁት። ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቤት ገባሁ።

ሂጃቤን ላወልቅ ስል መርፌ ቁልፉ ጧት እናቴ እንደሰካችው አገጬ ሥር ጥብቅ ብሎ አለ። ጨርቁን ደጋግሜ ሳብሁት። ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ እጄ ወዴት እየሄደ ነበር?