የጠባሳችን መብራት ከጠረጴዛ ሥር ይውጣልን

ቀን፦ ጥር 14

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእግር ማሞቂያ ተብሎ ወደ ካርድ ክፍል የተወሰደው የቀይ ብርሃን ሕክምና መሣሪያ ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በካንሰር ምክንያት ቀኝ ጡቴ በዚሁ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና የወጣልኝ፣ ባለቤቴ የሞተብኝ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ የምደረድርና የማጸዳ ሴት ነኝ። ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። ማንበብና መጻፍ የለመድኩት አቧራቸውን ከምጠርግላቸው መጻሕፍት ነው። የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ ጉዳዩን ግን እንዳያልፉት እለምናለሁ።

1. ቁስሌ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እየጠነከረ ሄዶ ደረቴን ከብብቴ ጋር ሰፍቶ ያዘው። እጄ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ፤ ፀጉሬን ማበጠር እንኳ ተሳነኝ። ቀዶ ጥገናውን የሠሩልኝ ሐኪም አይተው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መሩኝ። የእጅ እንቅስቃሴ፣ ጠባሳውን ማሸት፣ ከዚያም ጋር ዐሥራ ሁለት ጊዜ የቀይ ብርሃን ሕክምና ታዘዘልኝ።

2. የክፍሉ ባለሙያ አላታለለችኝም። «እማማ፣ ጠባሳውን አያጠፋውም። አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን ላይረዳ ይችላል። እንቅስቃሴውን ካልሠሩ ግን እኔና እርስዎ ተጣላን» ነው ያለችኝ። ጥቁር መነጽር አድርጌ ዐሥር ደቂቃ እተኛለሁ፤ ቀዩ ብርሃን ጠባሳው ላይ ይወርዳል። አያቃጥልም፤ ሙቀቱ ከሰው መዳፍ አይበልጥም። ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

3. መሻሻሌን የምለካው በመደርደሪያ ነው። ስጀምር እጄ ከሁለተኛው መደርደሪያ አያልፍም ነበር። ከሰባተኛው ሕክምና በኋላ አራተኛው ደረሰ፤ መዝገበ ቃላቱ ያሉበት። ብርሃኑ ብቻውን አደረገው አልልም፤ ማሸቱም እንቅስቃሴውም አለበት። ግን ቆዳው ለስልሶልኝ ነበር። አምስተኛው ላይ የካርታ መጻሕፍቱ አሉ፤ ከባድ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። ቢሆንም «እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታሽን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አምስተኛውን የሚደርስ ሰው መፈለጌ ነው» ብለውኛል።

4. ለስምንተኛው ቀጠሮዬ ስመጣ መሣሪያው የለም። ባለሙያዋ ዕረፍት ላይ ሳለች ነው የተወሰደው፤ እሷም እንደ እኔው ግራ ገብቷት ታፈላልጋለች። እንደ እኔው ጠባሳቸውን ሊታከሙ ወረፋ ከያዙ አራት ሴቶች ጋር ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንዱ «ተበላሽቷል» ይለኛል፣ ሌላው «ለጥገና ሄዷል»። ባለፈው ማክሰኞ የካርድ ክፍሉ መስኮት ተዘግቶ ስለነበር በበሩ ገባሁ። ከጠረጴዛው ሥር ቀይ ብርሃን አየሁ። የክፍሉ ሠራተኛ ጫማውን አውልቆ ሁለት እግሩን በካልሲ ዘርግቶበታል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ንብረት ክፍል ማሞቂያ ብሎ ያደለን ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቀይ ነው እንጂ አያሞቅም» ብሎ ለእኔው አማረረ።

ክቡር ሆይ፣ አያሞቅም! እንዴት ያሞቃል? ለካልሲ አልተሠራም። ቀይ ያበራውን ሁሉ ምድጃ ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ያን መሣሪያ አንድ ቀን መጥቶ «ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳው ነበር? የእኛ ጠባሳ እንደገና እየደረቀ የአንድ ሰው አውራ ጣት ለሦስት ሳምንት ሕክምና ተደረገለት። ጠባሳ የሌለው አውራ ጣት!

5. ንብረት ክፍል ሄድኩ። «እናቴ፣ ቅጹ ላይ ማሞቂያ ነው የሚለው፤ እኔ ምን ላድርግ» አሉኝ። ከዚያ ምክትልዎ ዘንድ ገባሁ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «እሱ እኮ የውበት ነገር ነው፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልታሳዪው ነው?» አሉኝ። ጸሐፊያቸው ሳቀች። እኔ አቀርቅሬ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነውና እዚህ እጽፍላቸዋለሁ፦ ለአምስተኛው መደርደሪያ።

6. ይህን ያህል መናገር ልማዴ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ግንበኛው ባለቤቴ ደረቱን አሞት በዚሁ ሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። ከእኛ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ቀድመውን ገቡ። ብድግ ብሎ ሊጮህ ሲል ኮቱን ጎትቼ አስቀመጥኩት። «ተው በናትህ፣ ሰው ምን ይለናል» አልኩት። «እሺ፣ ያንቺ ነገር» ብሎ ፈገግ አለና ተቀመጠ። ተራችን ሲጠራ አልተነሣም። ይህን የምጽፈው እናንተን ልከስበት አይደለም፤ የዚያን ቀን ክስ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ኮቱን የጎተተው ይኸው አልነሣ ያለኝ ቀኝ እጄ ነው።

7. ስለዚህ መሣሪያው እስከ ሰኞ ጠዋት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንዲመለስ፤ በንብረት መዝገቡ ላይ «ማሞቂያ» የሚለው ተሰርዞ «የሕክምና መሣሪያ» ተብሎ እንዲጻፍ፤ የቀሩኝ አምስት ቀጠሮዎችና ከእኔ ጋር ወረፋ የያዙት የአራቱ ሴቶች ሕክምና ሳይቆራረጥ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። ምክትልዎም «ለማን ልታሳዪው ነው?» ያሉትን ጥያቄያቸውን ለአምስታችን በጽሑፍ ያቅርቡልን፤ ፈርመውበት። ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ እውነተኛ ማሞቂያ ይፈለግለት። ክፍሉ በእርግጥ ይበርዳል፤ አይቼዋለሁ።

ይህ ካልሆነ፣ ሰኞ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠሮዬ ነው። አምስታችንም ካርዳችንን ይዘን ካርድ ክፍል እንገባለን። ሠራተኛው እግሩን እንዲያነሣልን በትሕትና እንጠይቀዋለን። ከዚያም ልብሳችንን አውልቀን፣ ተራ በተራ፣ መብራቱ ባለበት እንተኛለን። ክፍሉ መጋረጃ እንደሌለው፣ መስኮቱም ወደ ወረፋው እንደሚያሳይ አውቃለሁ። ይህን ጠባሳ የገዛ እኅቴ እንኳ አላየችውም፤ ሰኞ ግን ምክትልዎም ሊያዩት ይችላሉ። ኮቴን ጎትቶ የሚያስቀምጠኝ ሰው የለም።

ቁጣዬን ሳልቀንስ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የካርድ ቁጥር 4172
የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

አባሪ፦ የሐኪሙ ትእዛዝ ቅጂና ሰባት ምልክት ያለበት የቀጠሮ ወረቀት

ግልባጭ፦
— ለፊዚዮቴራፒ ክፍል
— ለካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ሰኞ እንዳይደነግጥ