ጀርባው ንጹህ ወረቀት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ገና ከሩቁ ያኮርፋል። እናትሽ «ብርዱን እንዴት ቻለችው?» እያለች ስታስጨንቀኝ ትውላለች፤ ብርዱን እኔ የላክሁት ይመስል።

በክሊኒኩ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ የምኮራበት ነገር አንድ ነበር። የሰው ፋይል አላነብም። ቁጥሩን አይቼ አወጣለሁ፣ ቁጥሩን አይቼ እመልሳለሁ። አሥር ዓመት የሞላውን በመቁረጫ ማሽን አሳልፌ «ተወግዷል» ብዬ እፈርማለሁ። ልጅ ሆነሽ «አባዬ፣ የጎረቤቶቻችንን በሽታ ንገረኝ» ስትይኝ ጆሮሽን ነበር የምቆነጥጠው።

ግን ቋጣሪ ነኝ፤ ታውቂኛለሽ። ጀርባው ንጹህ የሆነ ወረቀት ሲቆራረጥ አንጀቴን ይበላኛል። ያ ሁሉ በደረሰብሽ ዓመት ማሽኑ ክሊፕ እየዋጠ እየቆመ ሲያስቸግረኝ፣ ጀርባቸው ያልተጻፈባቸውን ለይቼ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ መጠቅለያ ይሁንሽ ብዬ ሰጠኋት። ጀርባ ጀርባውን እያየሁ ነው የለየሁት። ፊቱን አላየሁም፤ አላነብማ። የአንቺም ፋይል አሥር ዓመት እንደሞላው ልብ አላልኩም።

በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ለአእምሮሽ መታከምሽን አማትሽ ሰው ፊት ስትዘረግፈው፣ ከየት እንዳገኘችው አልናገርም አለች። ከእኔና ከእናትሽ ሌላ የምታውቀው እዚያው ክሊኒክ ነርስ የነበረችው ጓደኛሽ ብቻ ነበረች። አንቺም «እሷ ናት» አልሽ። ትዳርሽ ፈረሰ፤ እሷም ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው ዳቦ ቤቷ ሴትዮ የተረፉ ወረቀቶች ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የልጅዎን ስም አይቼ ደነገጥኩ። ለማንም አላሳየሁም» አለችኝ። የሐኪሙ ማስታወሻ አንደኛና ሦስተኛ ገጽ ነው። ሁለተኛውስ ስላት፣ «ከዳቦ ጋር ሄዷል መሰለኝ» አለች። አማትሽ ዳቦ የምትገዛው ከእሷ ነው።

ጓሮ ወስጄ አቃጠልኳቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ ያስወገድኩት ወረቀት የለም። ኮሚቴው «ፋይሉ በደንቡ መሠረት ተወግዷል?» ሲለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ ፊርማዬ አለበት» አልኩ። ጓደኛሽ ታየኝ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ እንኳን ያውቁኛል» አለች። ዝም አልኩ። አባረሯት።

ካገር ስትወጪ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ «ከእንግዲህ የማምነው አንተን ብቻ ነው» አልሽኝ። ያኔም ዝም አልኩ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ፈራሁ ልጄ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጓደኛሽ አሁን በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «እንዴት ናት?» ብላ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች። ሦስት ጊዜ እስከ ክሊኒኩ በር ሄጄ ተመለስኩ። ለእናትሽ ጉልበቴ ነው እላታለሁ።

እኔን የፈለግሽውን በይኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳትቀዳድጂው። ሌላ ማስረጃ የለም፣ አቃጥዬዋለሁ። ለጓደኛሽ ላኪላት፣ እሷ ለኮሚቴው ትስጥ። የአንቺም ነገር እንደገና እንደሚነሳ አውቃለሁ። አሁንም ሸክሙን ለአንቺ መስጠቴ ነው።

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ከእኔ የተሻለ የምታምኚው ሰው አይንሳሽ።

አባትሽ

ከስር ሙሉ ፊርማዬን አኑሬያለሁ። ክሊኒኩ ያውቀዋል።