ከጉድጓድሽ የሰረቅኩት አንድ ጭብጥ ቆጮ

እማዬ፣ የኔ እናት፤

እኔ ልጅሽ አስቴር፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ የዲላ ከተማ ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃሌን እሰጣለሁ፦ ሐሙስ ዕለት ከጓሯችን ጉድጓድ አንድ ጭብጥ ቆጮ ሰርቄ፣ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ፣ በአባዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከእሑድ ኮቱ ሥር ደብቄአለሁ። አባዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ደስ ይለዋል። ቆርቆሮውን ሲያገኝ ግን ደስ የሚለው አይመስለኝም።

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አውቶቡስ ተራ፣ ቆጮ በዳጣ ትሸጪበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ጃንጥላ የሚጠግን ሰውዬ ተቀምጧል። የይርጋጨፌው አውቶቡስ ሾፌር ግን እዚያ ሲደርስ እስከ ዛሬ ጥሩምባውን ይነፋል። ጃንጥላ ጠጋኙ ለሱ ሰላምታ መስሎት እጁን ያወዛውዛል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ድምፅሽ እየጠፋብኝ ነው። ስሜን ስትጠሪ መጨረሻውን እንዴት ትጎትቺው እንደነበር ለማስታወስ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ራሴን እጠራለሁ። የሚወጣው የኔው ድምፅ ነው። የቀረኝ ጉድጓዱ ብቻ ነበር፤ ከመታመምሽ በፊት እንሰቱን በእጅሽ ፍቀሽ፣ በቅጠል ጠቅልለሽ፣ ድንጋይ ጭነሽበት የቀበርሽው ቆጮ። ቅጠሉን ስቀይር ሽታው ይመጣል፤ አንቺም ትመጫለሽ።

ከዚያ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለጤና ጣቢያው አልጋ መግዣ የእራት ግብዣ አሰቡ። ሦስት ሳምንት ተሰበሰቡ፤ ሁለቱ ሳምንት ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ በሚል አለቀ። በመጨረሻ አንዱ፣ ሀብታሞቹ ተደብቀው የሚያስገዙትን የአውቶቡስ ተራ ምግብ እናቅርብላቸው፣ ኪሳቸው ይፈታል አለ። ለሹማምንት አብስያለሁ እያለ የሚፎክረው የሆቴሉ ወጥ ቤት ጋሽ ደምሴና ጎረቤትሽ፣ ሳምቡሳ ሻጯ እትዬ ዘይነባ አብረው እንዲሠሩ ተወሰነ።

ሁለቱም ያረጀ ቆጮ ይገኝ አሉ። በሰፈሩ ያረጀው ያንቺ ብቻ ነው። አባዬ ሲጠየቅ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ጤና ጣቢያው ሲሚንቶ ላይ፣ አልጋ ጠፍቶ በሰሌን፣ እኔን እያየሽ የተኛሽበት ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። የሰረቅኩት ቆጮው ከጉድጓዱ ሲወጣ ነው።

ትናንት ብታዪ! ጋሽ ደምሴ ቆጮውን በቅቤ ጠብሶ በሰሃን ሊደረድር፣ እትዬ ዘይነባ በእንሰት ቅጠል ልታቀርብ ተጣሉ። «እትዬ፣ ሹማምንት ከቅጠል አይበሉም» ቢላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የመንገደኛ ምግብ ነው፤ ክራባት አትሰርለት!» አለችው። ተናደው ተናደው በመጨረሻ አንድ ነገር ወለዱ፦ ቆጮው ስስ ሆኖ፣ አይብና ዳጣ ተጠቅልሎበት፣ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ተጣጥፎ። የአውራጃው ሹም በቢላና በሹካ ሲታገለው፣ ዳጣው ጢሙ ላይ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ላለመሳቅ ሁሉም ባንዴ ያስላቸው ጀመር።

ሁሉም ጣታቸውን ላሱ። ያንቺን ስም ያነሳ አልነበረም፤ ከእትዬ ዘይነባ በቀር። እሷም ጓዳ ገብታ ነው፣ ለኔ ብቻ፣ «የእናትሽ እጅ ነው» ያለችኝ። አባዬ ድርሻውን አፉ አድርሶ መለሰው። በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አጠገቡ ያሉት ስስታም ነው ብለው ተጠቃቀሱ። ጉድጓዱ አሁን ባዶ ነው፣ እማዬ። ለአልጋው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ዳግመኛ የሞትሽብኝ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ኮቱን ለብሶ ለጸሎት ሲሄድ በሩ ድረስ ቆጮ ቆጮ ሸተተ። ምን ይሉት ይሆን፣ ዝማሬው መሃል! እሱ እንደወጣ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ጠርዙ ደርቆ ጠቁሯል። እየሞተ ነው። አዲስ ስትቀብሪ ከአሮጌው ቆንጥረሽ ትቀላቅይበት ነበር። ስንት ነበር የምትቆነጥሪው? መቼ? አላየሁሽም እኮ! ነይ እርጂኝ ስትይ በአጥሩ የምሾልከው እኔ ነበርኩ። አሁን የማልሾልክበት አጥር ፊት ተቀምጬ እጠይቅሻለሁ።

ስለዚህ ጓሮ ነኝ። ጉድጓዱን በጣቴ ምሼ፣ ጭብጧን በአዲስ ቅጠል ጠቅልዬ መልሻታለሁ። ነገ ሰው ለምኜ እንሰት መፋቅ እማራለሁ፤ እጄ ይላጥ። ተሳስቼም ቢሆን እቀላቅለዋለሁ። ድምፅሽ ቢጠፋብኝ እንኳ እጅሽ እንዳይጠፋ፣ እስካረጅ ድረስ ቅጠሉን እቀይርልሻለሁ።

አጥሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው፤ ጸሎቱ ሳያልቅ ወጥቶ መጥቷል። ኮቱን አውልቆ ይዞታል። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጭቃ እጄን ደበቅኩ። እሱ ግን ኮቱን ፊቱ ላይ ደፍቶ ቆሟል፤ አያነሳውም። ሽታውን ደጋግሞ ይስባል። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ ጠራኝ፤ እማዬ፣ እንዳንቺ፣ መጨረሻውን ጎትቶ፦

«አስቴ—ር!»