የሚስስ ኤክማን ፖስት ካርዶች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 18 ቀን 2002 ዓ.ም.

እትዬ የዓለምዘርፍ፣ የእናቴ ልጅ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታዬ ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስስ ኤክማን ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ከስዊድን የመጡ ናቸው። ሚኒሶታ የኖሩት እናታቸው ሲያትል ከነበሩት እህታቸው ጋር የተለዋወጧቸው አሮጌ ፖስት ካርዶች አሏቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሥዕሉን እኔ እነግራቸዋለሁ፦ በረዶ የለበሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ። ጽሑፉን እሳቸው አያዩትም፣ እኔ ቋንቋውን አልችልም። ግን ሥዕሉን ስነግራቸው ቃሉን በቃላቸው ያወርዱታል።

ትናንት አንድ ነገር አየሁ። የአክስታቸው የእጅ ጽሕፈት መሐል ላይ ተለወጠ፤ ያ ጋደል የሚለው ፊደል ቀጥ ብሎ ቆመ። ስነግራቸው ፈገግ አሉ። አክስትየው ሞተው ኖሯል። ልጆቻቸው የሚስስ ኤክማን እናት እንዳይደነግጡ ብለው በሟች ስም መጻፋቸውን ቀጠሉ። እናትዎ አላወቁም ወይ አልኳቸው።

«በመጀመሪያው ካርድ አወቀች» አሉኝ። «መልስ መጻፏን ግን አልተወችም። ካቆመች እኮ እህቷ ያኔ ነው የምትሞትባት።»

ፊቴን አዙሬ መጋረጃ ሳስተካክል ቆየሁ።

እትዬ፣ እማዬ ጠበል ገባች ካልሽኝ ስንት ጊዜ ሆነ? ስደውል አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ኔትወርክ የለም። አሌክሳንድሪያ ያለችው ሙሉዓለም ደግሞ፣ በዓመት አንዴ የማትደውልልኝ ሴት፣ በዚህ ሳምንት ደጋግማ ኮል አደረገችኝ። የምትጠይቀኝ ከሥራ የማርፍበትን ቀን ብቻ ነው፦ «ኦፍሽ መቼ ነው?»

የእሷ አባት የሞቱ ጊዜ እኛም እንደዚሁ ጠይቀናት፣ በኦፏ ቀን ማለዳ ተሰብስበን በሯን አንኳኳን። ከፍታ ስታየን ምንም ሳንላት ጮኸች። እኔም ፊት ቆሜ ነበር። አሁን ኦፍ የለኝም አልኳት፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ኦፌን ሁሉ ለሥራ ሰጠሁት። ቤቴ ካላገኙኝ መቼም አይነግሩኝም።

ግን እስከ መቼ? ይህን ደብዳቤ ነገ አገር ቤት የምትገባው ዕድላዊት ታደርስልሻለች። እባክሽ ሰው አትላኪብኝ። ደውይና አንቺው ንገሪኝ፤ ከአንቺ አፍ ልስማው። አልቆጣሽም። ብቻሽን ይዘሽው እንደከረምሽ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበት ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ለእማዬም እንደ ወትሮው ጉልበትሽን ስሜያለሁ በይልኝ። በዕድላዊት እጅ ሰማያዊ ሹራብ ልኬላታለሁ፤ ብርዱ ሳይጠና ትልበሰው።

እህትሽ
ይርጋለም