በሻሽ የተቋጠረው የሴራፊማ አፈር

ለምወድህ ወንድሜ ለሙካሽ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ዓይንህስ እንዴት ነው? ብየዳው ዓይኔን ያስነባኛል ብለህ ጽፈህ ነበርና መነጽሩን ሳታወልቅ እንደምትሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጉልባራ ደህና ናት? የሠራተኞቹ ማብሰያ ቤት ሥራ አላደከማትም? ልጃችሁ አይዛዳስ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? እዚያ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል ያልከውን አላመንኩም፤ ብርዱን ግን አምናለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ዳገት ስወጣ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለብኝም። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንስት ናት። የጓሮው አጥር በረዶ ከብዶት ወድቆ ነበር፣ አስጠግኜዋለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንደ ልማዴ ቀይ እርሳስ ይዤ ነው ያነበብኩት፤ አሁንም አራት መስመር ሙሉ ሳትተነፍስ ትጽፋለህ። ጥያቄህ ግን ግልጽ ነው። ያሰግዳችሁ የነበረው ሽማግሌ አገሩ ስለገባ፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ ቁርኣን አብልጦ በቃሉ የያዘው ሙካሽ ነው ብለው ከፊት እንድትቆም ለምነውሃል። አንተ ደግሞ «እኔ በያጅ ነኝ፣ ማን ሾመኝና ነው ሰው የማሰግደው?» ብለህ እምቢ ብለሃል። አሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር አንተ ቅደም አንተ ቅደም እየተባባሉ ቆይተው ለየብቻቸው ሰግደው ይበተናሉ። «ምን ትመክሪኛለሽ፣ እትዬ?» ብለሃል። ከመምከሬ በፊት በዚህ የበረዶ ወራት የሆነውን ልንገርህ። መልሱን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ሴራፊማ አርፋለች። አንተን በእጇ ተቀብላ እትብትህን የቆረጠችው፣ የመንደሩን ግማሽ ያዋለደችው ሴራፊማ በየካቲት መጀመሪያ በሳንባ ምች ሞተች። ሌሎቹ ሩሲያውያን ከሄዱ ቆይተዋል፣ ልጅም ዘመድም አልነበራትም፤ በመንደራችን በቴሪስ ቡላክ የቀረች ክርስቲያን እሷ ብቻ ነበረች። በሞተችበት ሌሊት አጠገቧ ነበርኩ፤ ሊነጋጋ ሲል እጄን ያዘችና «ቡሩል፣ ያለ ፍትሐት እንዳታስቀሪኝ። አርባዬ ሳይደርስ ቄስ ይፍታኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ እሺ ካልኩ እሺ እንደሆነ ታውቃለህ።

እሷ በሞተች ዕለት በረዶ ተንዶ የተራራውን መንገድ ዘጋው። ቄስ ያለው ከተማ ነው። ሬሳውን ይዞ መቀመጥ አይቻል፣ ቄሱም መምጣት አይችል። ጎረቤታችን ዙራ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ፈታችው። «አንቺ ሩሲያኛውን እንደ ውኃ ትጠጪው የለም እንዴ? መጽሐፏ ይኸውና ትራስጌዋ ነው። ከፍተሽ አንብቢላትና ነገሩ ይለቅ» አለችኝ። እኔም በልቤ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። በእኛ ዘንድ ኢማሙ ቢታጣ፣ ከተገኙት ወንዶች የተሻለ የሚያውቀው ከፊት ይቆማል፤ ሶላቱም ሶላት ነው። ስለዚህ የእነሱም በዚያው የሚለካ መሰለኝ።

ቢሆንም ሳይጠይቁ መሥራት ልማዴ አይደለምና ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ከተማው ቄስ ደወልኩ። አባ ፕሮኮፒ ይባላል። ድምፁ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ድብ ይመስላል። «እኔ ባነብላትስ? ሩሲያኛ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ነኝ» አልኩት። «አንብቢላት፣ ደግ ነው። ፍትሐት ግን አይሆንም» አለኝ። «ምን ይጎድለዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ክህነት ይጎድለዋል፣ ሴትዮ! ንባብሽን ማን ጠየቀሽ? ጳጳስ እጁን አልጫነብሽም» አለኝ። ተናደድኩ። «የተጫነብህ አንተ ታዲያ ለምን አትመጣም?» አልኩት። «በክንፌ ልምጣ?» አለና ሳለ፤ ከሳሉ በኋላ ግን ለስለስ ብሎ የሚደረገውን ነገረኝ። እንቅበራት፤ ከመቃብሯ ላይ አንድ እፍኝ አፈር እንያዝለት፤ መንገዱ ሲከፈት አፈሩን ይዤለት ልሂድ፤ ፍትሐቱን በአፈሩ ላይ ያደርሳል፤ አፈሩን መልሰን መቃብሯ ላይ እንበትነዋለን። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲህ ላለ ችግር የምትፈቅደው ነው። «አርባዋ ሳይደርስ» አልኩት። «መንገዱን ለእኔ ሳይሆን ለበረዶው ንገሪው» ብሎ ዘጋው።

መቃብር የሚቆፍሩት እንግዲህ የመስጊዱ ወንዶች ናቸው፤ ሌላ ማን አለ? ኢማማችንን ሞልዶ ኤሰንጉልን ለመንኩት። እሱ ወንዶቹን ሲሰበስብ የአናርኩል ልጅ ኑርዲን፣ ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምሮ የመጣው፣ «ሞልዶ፣ ይህ ያልተፈቀደ ነው» አለ። ሞልዶም ጺሙን እያሻሸ «እናትህን በእግርህ መጥተህ ስታስጨንቃት ይህች ሴት ገልብጣ አወጣችህ። ያን ጊዜ ማን ፈቀደላት?» አለው። ሳቁ እስከ እኔ ደጅ ተሰማ። ቀጥሎም «እኔ ጸሎቷን ላደርስላት አልችልም፤ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። የእኛን ሶላት ልስገድባት ብል እሷም አልጠየቀችኝ፣ ሃይማኖቴም አላዘዘኝ። ጉድጓድ መቆፈር ግን የማንንም ሥልጣን አይፈልግም። አካፋ አምጡ» አለ። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር ያረጀ ጎማና ኩበት አንድደው አቀለጡት። የቆፈሩት እየተፈራረቁ ነው። ኑርዲንም ቆፈረ፣ ፊቱን እንዳኮሳተረ።

በእኛ ልማድ ሴት በቀብር ዕለት ወደ መቃብር አትወጣምና የሴራፊማን ነጭ ሻሽ ለሞልዶ ሰጠሁት። አፈሩን ቋጥሮ ይዞልኝ የወረደው ራሱ ነው። ኢማም ለቄስ አፈር ቋጥሮ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው። ሻሹን ሰጥቶኝ «አላጎደልኩበትም፣ መምህርት» አለኝ። ስፈትሸው ሙሉ እፍኝ ነበር።

በረዶው ቶሎ የሚለቅ አልነበረም። በየጠዋቱ ወደ መንገዱ እያየሁ፣ አርባዋ እየቀረበ፣ ሻሹ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። በመጨረሻ አርባዋ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተከፈተ። በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ሾፌሩ በጉልበቴ ላይ ያቀፍኩትን አይቶ «እማማ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍሽው? ቅቤ ነው?» አለኝ። «አፈር ነው» አልኩት። «ከተማ አፈር አለቀ እንዴ?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አባ ፕሮኮፒ የለም። በረዶ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። የተቀበለኝ ላቭሬንቲ የሚባል ወጣት ዲያቆን ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። «ፍትሐቱን ታውቀዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በቃሌ» አለ። አላመንኩትምና እስኪ አሰማኝ አልኩት። መጽሐፉን ከፍቼ እየተከታተልኩ አዜመልኝ፤ አንዲት ቃል አልሳተም፣ ድምፁም እንደ ማር ነው። አርባ ዓመት ካስተማርኳቸው መካከል እንዲህ ያለ ተማሪ አላስታውስም። «በል እንግዲህ፣ እዚሁ አፈሩ ላይ አድርስልኝ» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። «እማማ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ፣ አልችልም» አለ። «አሁን ቻልክ እኮ!» አልኩት። «አሁን ያሰማሁዎት ዜማውን ነው። ብደግመው ብደግመው ያው ዜማ ነው። መፍታት የቄስ ነው» አለኝ። ሻሹን እያየሁ ቆምኩ። የሚያውቀው አይችልም፣ የሚችለው ተኝቷል፣ ሴራፊማም ትጠብቃለች። «እንግዲያስ ቤቱን አሳየኝ» አልኩት።

አባ ፕሮኮፒ እግሩ በጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነበር። ከራስ እስከ እግሬ አየኝና «በስልክ የጮህሽብኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ። «የጮህከው አንተ ነህ» አልኩት። ትራሶቹን አስደግፎ እንዲያስቀምጠው ዲያቆኑን ጠራው፤ በሌሊት ልብሱ ላይ የክህነት ልብሱን ደረበ፤ ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ፈታና ጀመረ። ሙካሽ፣ ዘይት ያልተቀባ በር እንኳ እንዲህ አይጮህም። በየመሃሉ ይስላል፣ አንድ ቦታም መስመር ዘሎ ተመለሰ። ተማሪዬ ቢሆን ከአምስት ሦስት እሰጠው ነበር፤ ያውም በርኅራኄ። አምስት የሚገባው ልጅ ደግሞ ከኋላው ቆሞ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። ግን የሴራፊማን ስም ሲጠራ አፈሩ ላይ አጎንብሶ፣ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ሰው ቀስ ብሎ ጠራት። ያን ጊዜ እግሩ እያመመው እንደሆነ ከፊቱ አየሁ።

ሲጨርስ «ድምፄን አልወደድሽውም» አለኝ። አልወደድኩትም አልኩት። «እግዚአብሔርም የሚወደው አይመስለኝም። እጁን የጫነብኝ ጳጳስ ድምፅ ጨምሮ አልሰጠኝም» ብሎ ሳቀ። «ሕዝብህ ቢጠላህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ብዙዎቹ ይጠሉኛል። የሾመኝ ሊሽረኝ ይችላል፤ እነሱ ግን አይሽሩኝም። የማደርሰውም በእኔ ደግነት አይደለም፤ በእኔ ደግነት ቢሆን ኖሮ ወዳጅሽ ተቸግራ ነበር» አለኝ። በመንገድ ሁሉ ይህን ሳስብ ተመለስኩ። ከኤሰንጉል በፊት የነበረንን ኢማም ታስታውሳለህ፤ በክርክሩ ሰው ሲሰለቸውና ከኋላው አልቆም ሲለው ምንጣፉን ጠቅልሎ ሄደ እንጂ ጳጳስ አላሰናበተውም። የእነሱ ሥልጣን ከላይ በእጅ ይወርዳል፤ የእኛ ከዕውቀትና ከኋላ ከቆመው ሰው ይመጣል። የትኛው ይሻላል ብለህ አትጠይቀኝ፤ አልተጠየቅሁም፣ አልፈርድምም።

አርባዋ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ መቃብሯ ወጣሁ። ሞልዶ ኤሰንጉል ዳገቱን ደግፎኝ አብሮኝ ወጣ። መንገዱ ተጠርጎ አገኘነው፤ ኑርዲን አካፋውን ተደግፎ ከላይ ቆሟል። «ያንሸራትታል ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» አለ። አባ ፕሮኮፒ እንዳዘዘኝ አፈሩን ከራስጌ ወደ ግርጌ፣ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ በመስቀል ምልክት መበተን አለብኝ። እጄ እንደ መቆም ሲል ሞልዶን «ይህ ያስጠይቀኛል?» አልኩት። «አደራ ነው። አታድርሺ ብልሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝና ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ። በተንኩት። ሻሹን አራገፍኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ እኔና ዙራ ስንዴ ቀቅለን፣ እንደ እነሱ ልማድ በማር ለውሰን መንደሩን አበላን። ዙራ ማሩ በዛ አለች፤ እሷ ግን ሁለት ሳህን በላች።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ማን ሾመኝ ብለሃል። አንተ እንደ ዲያቆን ላቭሬንቲ የምታውቀውን እንዳታደርስ የሚከለክልህ ደንብ የለብህም። ያ ልጅ ሁሉን ያውቃል፣ ሥርዓቱ ስላላዘዘው ወደኋላ ቆመ፤ ልክ ነው። አንተ ግን ሥርዓትህ ቅደም እያለህ ነው የቆምከው። የተሻለ የሚያውቅ ካለ እሱ ይቁም፤ ከሌለ ያንተ ትሕትና ለሰዎቹ ምን ይጠቅማል? ለየብቻ ተበትነው ነው የሚገቡት። ስለዚህ በሚመጣው ዓርብ ቁም። ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የመጣ ቀን ግን ሳይነግሩህ ወደ ሰልፉ ተመለስ። ከኋላህ ያሉት ሲያጉረመርሙም ስማ፤ አንተ አባ ፕሮኮፒ አይደለህም፣ የእነሱ ፈቃድ ያስፈልግሃል።

ጉልባራን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፣ ተረከዙ ጥሩ ተሠርቷል። አይዛዳን ሳምልኝ፤ በእጇ ትጻፍልኝ። ዙራ ሰላም ብላሃለች፤ የዓይን መድኃኒት እልክለታለሁ ብላ ይኸው እስካሁን ታወራለች። ኑርዲንም ሰላም ብሎሃል። ሞልዶ ኤሰንጉል ሰላምታውን ልኮ «ሙካሽ በልጅነቱ ፋቲሃን ሲቀራ ያጣድፍ ነበር። ፈረስ እየጋለበ አይደለም፣ ከኋላው ሽማግሌ አለ፣ ቀስ ይበል» ብሎሃል።

አንድ ነገር ቀረኝ። እኔም ተራዬ መድረሱ አይቀርም። ሞልዶ ኤሰንጉል በሕይወት ካለ ጀናዛዬን፣ የቀብር ሶላቱን፣ እሱ ይሰግድብኛል። እሱ ግን ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። እሱ ከሌለ መብቱም ግዴታውም ያንተ ነው፤ ሌላ ወንድም የለኝም። ሞልዶን ጠይቄው ነበር፤ በእኛ መዝሀብ፣ በምንከተለው የሕግ መንገድ፣ ሬሳው በሌለበት በሩቅ የሚሰገድ ጀናዛ የለም አለኝ። ለእኔ በሻሽ የሚቋጠር አፈር አይኖርም፣ ወንድሜ። ራስህ መምጣት አለብህ። ስለዚህ እዚያ እያለህ ተለማመድ።

እህትህ ቡሩል

ቴሪስ ቡላክ፣ የኖሩዝ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማርች 2004