ቁጣዬን ቀረጹት

ኅዳር 27
የገብሱ ውቂያ ግማሹ ቀረ። ነፋሱ አልነሣ ብሎ መንሽ ይዞ መቆም ብቻ። ጉልበቴ ዛሬም... ከአልጣሽ ጋር ተጣላን። በምን? በአንድ ጠቦት። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ኖረን በጠቦት!
ከሰዓት የጥበቃው ተራ የኔ ነበር፤ ጓሳውን፣ ቤት የምንከድንበትን የጋራ ሣር፣ በፈረስ ዞርኩ። ሣሩ ለምልሟል። ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ። ለሁሉም እኩል እስኪከፈት ሦስት ወር ቀረው። አንድም ማጭድ አልነካውም።
ስመለስ መንገዱ ዳር ነጭ መኪና ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጡ። አንዲት ወጣት ወርዳ ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ፊት ስንፈልግ ከረምን» አለችኝ።
ፊት እንደ በሬ ይፈለጋል እንዴ?

ኅዳር 29
ልጅቱ ቤተል ትባላለች። አለቃዋ ወንድምአገኝ። ፊልም ሊሠሩ ነው የመጡት። የሌለ አገር ታሪክ... ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት በረሃ፣ ቤት የሌላቸው፣ ከውሃ ወደ ውሃ የሚዞሩ ሰዎች። መሪያቸው ዛርሙ የሚባል ሽማግሌ ነው። ውሃቸው ሲነጥፍ ሕዝቡን ይዞ ወደ ቀዝቃዛ ደጋ ይወጣል። ደጋው የኛ ጓሳ። ዛርሙ እኔ።
«ሁለት ፀሐይ ምን ያደርግላችኋል? እኛን አንዷም አላሞቀችን» አልኩት። ሳቀ። ቁም ነገሬን ነበር።
ማታውን የጥበቃ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኪዳነ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ዳዊት አብረን የደገምን ወዳጄ፣ ተነሥቶ «ሣር አይታጨድ፤ እሳት አይነድ፤ ከመንገዱም አይራቁ» አለ። ዋስ ማን ይሁን ተባለ። እኔ አልኩ።
ማን ጠየቀኝ?

ታኅሣሥ 3
የፊልሙን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩ። ዛርሙን ወደድኩት። ሕዝቡ ሳይጠጣ አይጠጣም። ልጁ በሞተ በማግሥቱ ሰዎቹን አስነሥቶ ይጓዛል። ተቀምጦ ካለቀሰ ሌሎቹም በጥም ያልቃሉና።
መጨረሻው ላይ ግን ለደጋው ወጣት ንጉሥ ይንበረከካል። በትሩን ያስረክባል። ለምን? ወንድምአገኝን ጠየቅሁት።
«እንዲያሳዝን።»
እንዲያሳዝን! እንዲህ ያለ ሰው ለማሳዘን ብሎ ይንበረከካል?

ታኅሣሥ 6
ሰማያዊ ጥምጥም አሰሩልኝ፣ ፊቴን ቀለም ቀቡኝ። ከቆላ ያመጧት ግመል በውርጩ ትንቀጠቀጣለች። ባና አልብሷት ብዬ ጮህኩ። «ካሜራው ላይ ይታያል» አሉኝ። የራሴን አውልቄ አለበስኳት። ፀሐዩ በረታ እስኪል አንድም ነገር ሳይቀርጹ ቆሙ። ይቁሙ!
ስናገር ግን... «ውሃ የሌለው ሕዝብ ድንበር የለውም!» ስል ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ 8
ወንድምአገኝ ድንኳኖቹ አዲስ መሰሉ አለ። «ትንሽ ሣር ጣል ብናደርግባቸውስ፣ ዛርሙ?»
ዛርሙ ብሎ ጠራኝ።
ምን መለስኩለት? በአንገቴ እሺ ያልኩት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 10
ትንሽ! ሁለት አውድማ የሚያህል ቦታ መልጠውታል። ከነሥሩ። በዶማ ጭምር።
«ሣር ነው እኮ አባባ፣ መልሶ ይበቅላል» አለኝ ወንድምአገኝ።
ይበቅላል! ጥሩሸዋ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ጣሪያዋ እያፈሰሰባት ሁለት ክረምት አሳለፈች። ከዚህ ሣር አንዲት ጭብጥ አልነካችም። እነዚህ ለጌጥ!
እጄን አነሣሁ። በለው በለው አለኝ። ልለው ነበር... ግን ቀደመኝ፦ «እሺ ብለውናል እኮ።»
እጄ ወረደ።

ታኅሣሥ 11
ኪዳነ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።
«ሳታውቅ ነው ያጨዱት፣ አይደል?»
«ሳላውቅ ነው።»
አመነኝ። ተቆጣልኝም። «እነዚህ ሌቦች! አንተን የመሰለ ሰው ሊያዋርዱ!» እያለ ወጣ። ምነው ሰድቦኝ በሄደ።
ቀኑን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ። በፈረሱ። በበጎቹ። በአልጣሽ። «ማንን ነው የምትቆጣው?» አለችኝ። በጎቹን ላስገባ ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 13
የመንበርከኩ ቀን። ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ቃል ስለሰጠሁ? ወይስ ጥምጥሙ ጣፍጦኝ?
ንጉሥ የሚሆነው ልጅ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር የተጎዘጎዘው የኛ ጓሳ ነው። እርጥቡ። እዚያ ላይ ተንበርከክ አሉኝ።
በትሩን ወረወርኩት። «ተነሥ ከላዩ! ይኼ የባልቴት ጣሪያ ነው! ማን ፈቀደልህ? እኔ! እኔ ከንቱው ነኝ የፈቀድኩልህ!» ሌላም አልኩ... ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እንባዬም ወረደ መሰለኝ።
ከዚያ ጭብጨባ።
አጨበጨቡልኝ! ወንድምአገኝ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። «ድንቅ ነው! መንበርከኩን እንተወዋለን፣ ይኼው ይቀራል!»
«እውነቴን ነው የተናገርኩት፤ አንተ ሰው።»
«እሱ ነው እኮ ያሳመረው!»
ቁጣዬን ቀረጹት። ዕቃቸው ውስጥ ጭነው ይዘውት ሄዱ። ቤተል ብቻ አላጨበጨበችም። ስትሰናበተኝም መሬት መሬት ታያለች።

ታኅሣሥ 16
ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ተቀመጠ። ኪዳነ ተነሥቶ ስለኔ ተሟገተ። «ገሠሠ ተታሎ ነው። እኔ ልማልለት» አለ።
ልማልለት ሲል አልቻልኩም።
«አትማል። አውቅ ነበር። ሲጠይቁኝ በአንገቴ እሺ ብያለሁ። ለአንተም ዋሽቼሃለሁ።»
እዚህ ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ሳል አለ። ጥሩሸዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ኪዳነ ተቀመጠ። አላየኝም።
ፍርዱ፦ ከኮሚቴው ወጣሁ። በየካቲት ጓሳ ሲከፈት ቤቴ አያጭድም፤ እስከሚቀጥለው መክፈቻ ድረስ። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምፈርደው። ይኼ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ጥር 4
ቀየት ገበያ ወጣሁ። ኪዳነ በአጠገቤ አለፈ፤ ጤና ይስጥልኝ እንኳ የለም። አስቁሜ ልሰድበው አማረኝ። ምን ብዬ? ለምን አመንከኝ ብዬ?

የካቲት 28
ጓሳ ተከፈተ። ከማለዳ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ በደጄ አለፈ። ጥሩሸዋ ከወንድሟ ጋር። የኔ ማጭድ እንደተሰቀለ ነው። በረት ጠረግሁ። ሁለቴ።
ከሰዓት ኪዳነ አንድ ሸክም ሣር አምጥቶ ደጄ ላይ ዘረገፈው። ሁለት ወር ከምናምን ቃል ያልተነፈሰኝ ሰው!
«የራሴ ድርሻ ነው። የወደድኩትን ባደርገው ማን ይከለክለኛል?»
ደሜ ፈላ። «እኔ! ይኼ ቤት ሣር አያገኝም ተብሎ ተፈርዷል። ማጨዱን ከልክላችሁ በሸክም ልታስገቡልኝ ነው? ደግሞ አንተ፣ የኮሚቴ ሰው!»
«ጣሪያህን አይተኸዋል?»
«አይቼዋለሁ። አንሣ!»
«አንተ በቅሎ!»
«በቅሎ ነኝ። አንሣ ብያለሁ!»
አነሣው። እያልጎመጎመ፣ እኔን፣ አባቴን፣ ያስተማሩንን የኔታ ጭምር እየሰደበ ዳገቱን መልሶ ወጣ። በጥሩሸዋ ደጅ በኩል ታጠፈ። ስድቡ እስኪርቅ ቆሜ ሰማሁት። ደስ የሚል ስድብ ነበር።
አልጣሽ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። «ክረምት ሲገባ ጣሪያውን በምን ልትደፍነው ነው?»
«ድስት ደርድሪ» አልኳት።